«ዱቤ»፣ «ብድር» እና «የምሥጢር ቁጥር»፦ ስለ ባንክ ካርድ ቃላት አሰያየም

ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሰው ዛሬ ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ የባንክ ካርድ ነው። ስለ አጠቃቀሙ የሚሰጠው መመሪያ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ አንድ ቃል ያለ ቦታው ከገባ፣ መንገደኛው በባዕድ አገር ያላሰበው ዕዳ ውስጥ ሊገባ ወይም ካርዱ ሊታገድበት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን አደጋ የሚያስከትሉ ጥቂት ስያሜዎችን ነው።

«ክሬዲት ካርድ» በአማርኛ «የዱቤ ካርድ» መባሉ የሰመረ ስያሜ ነው። «ዱቤ» ዕቃን ዛሬ ወስዶ ዋጋውን በኋላ የመክፈልን የቆየ የሱቅ ልማድ የሚገልጽ ሲሆን፣ ካርዱም ዕቃ ሲገዛበት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የወሩ ሒሳብ በጊዜው ተሟልቶ ከተከፈለ በአብዛኛው ወለድ አይታሰብበትም። በዚያው ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ በሚወጣበት ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የተለየ የአገልግሎት ዋጋ ያስከፍላል፤ ወለዱም ገንዘቡ ከወጣበት ዕለት አንሥቶ ይቈጠራል። ይህን እንግሊዝኛው «ካሽ አድቫንስ» ይለዋል። ቃል በቃል ተከትሎ «ቅድመ ክፍያ» የሚል ተርጓሚ ፍቹን ይገለብጠዋል፤ ቅድመ ክፍያ በእኛ ቋንቋ ገዢው አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ስለ ሆነ፣ አንባቢው ዕዳ መግባቱን ሳያውቅ ዕዳውን ያቃለለ ይመስለዋል። በእኔ አስተያየት «የጥሬ ገንዘብ ብድር» ማለት ይበቃል። አማርኛ ተናጋሪ ዕቃ በዱቤ ይወስዳል፤ ገንዘብን ግን ይበደራል እንጂ በዱቤ ወሰድኩ አይልም። ባንኮች በውላቸው በረጅም አንቀጽ የሚያስረዱትን ልዩነት ቋንቋው በሁለት ቃላት ለይቶ አስቀምጦታል።

ከተቀማጭ ሒሳብ በቀጥታ የሚቀንሰው «ዴቢት ካርድ» ገና የረጋ አማርኛ አላገኘም። ሕዝቡ «ኤቲኤም ካርድ» ይለዋል፤ ይሁን እንጂ የዱቤ ካርድም በዚያው መሣሪያ ስለሚሠራ ስያሜው ሁለቱን አይለይም። የተሻለ እስኪገኝ ድረስ «ዴቢት» የሚለውን የውሰት ቃል መያዝ ይሻላል።

ብዙ ምርጫ የቀረበው ለ«ፒን» ነው። የምኅጻረ ቃሉ ቀጥተኛ ትርጒም «የግል መለያ ቁጥር» ነው። (ስለዚህ «ፒን ቁጥር» ማለት «ቁጥር»ን መደጋገም ነው፤ እንግሊዞቹም ያንኑ ስለሚሉ የእኛን ሰው ብቻ መውቀስ አይገባም።) ዳሩ ግን «መለያ ቁጥር» በአማርኛ በቅጽ ላይ የሚሞላ፣ ለጠየቀ ሁሉ የሚነገር ቁጥር ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን ያስታውሷል። ሊደበቅ የሚገባውን ነገር በሚነገር ነገር ስም መጥራት አሳሳች ነው። «የይለፍ ቃል» ደግሞ ምሥጢርነቱን ቢያመለክትም ሰውን ወደ ፊደል ይመራዋል። በአውሮፓ ብዙ የገንዘብ መክፈያ መሣሪያዎች ቁልፋቸው ላይ አኃዝ እንጂ ፊደል ስለሌለ፣ ቁጥሩን በቃል መልክ ያጠና መንገደኛ ማሽኑ ፊት ቆሞ ይቸገራል፤ ደጋግሞ ከተሳሳተም ካርዱ ይታገዳል። አንዳንድ ባንኮች የሚሠሩበት «የምሥጢር ቁጥር» ሁለቱንም ባሕርይ ስለሚይዝ ሊጸና የሚገባው እርሱ ነው።

የአኃዞቹም ብዛት በመመሪያው መጠቀስ ይኖርበታል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ4 እስከ 12 አኃዝ ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ 4 ብቻ የሚቀበሉ መሣሪያዎች አሉ። በ1967 እ.ኤ.አ. በሰሜን ለንደን፣ በኤንፊልድ የተተከለውን የባርክሌይስ ባንክ መሣሪያ የሠራው ጆን ሼፐርድ ባሮን በመጀመሪያ 6 አኃዝ አስቦ እንደ ነበርና፣ ባለቤቱ ከ4 በላይ ማስታወስ አልችልም ስላሉት እንደ ቀነሰው ተናግሯል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚጻፍ መመሪያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ የዱቤ ካርድ ለግዢ በአብዛኛው የምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም፤ የፊርማውንም ግዴታ ዋና ዋናዎቹ የካርድ ድርጅቶች በ2018 እ.ኤ.አ. አንሥተዋል። በአውሮፓ ግን ሻጭ በሌለበት የባቡር ቲኬት መሣሪያ ላይ ቁጥሩ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «የምሥጢር ቁጥርዎን ይያዙ» ብሎ ማለፍ ያሻማል፤ ባለካርዱ ቁጥር ጭራሽ ላይኖረው ይችላልና። «ከመጓዝዎ በፊት ለዱቤ ካርድዎ የምሥጢር ቁጥር እንዲሰጥዎ ባንክዎን ይጠይቁ» ቢባል ፍቹ ግልጽ ይሆናል።