ፈጣን ቻርጀር ለሁሉም መኪና፦ ከኮልፌ ቀራኒዮ የባለሙያ ማስታወሻ

የተለያየ ብራንድ ያላቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች በአንድ ፈጣን ቻርጀር እንዲገለገሉ ሦስት ነገሮች መግጠም አለባቸው፦ የመሰኪያው ቅርጽ፣ ቻርጀሩና መኪናው መልእክት የሚለዋወጡበት ሥርዓት እና የክፍያው መንገድ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጣቢያው ለዚያ ባለመኪና የለም ማለት ነው። ነገሩ በየአገሩ በየመልኩ ተፈትቷል። በአሜሪካ የኩባንያዎች ድርድር ነበር፤ ቴስላ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለራሱ መኪኖች የዘረጋውን መረብ ለእነፎርድና ጄነራል ሞተርስ የከፈተው በ2023 የእሱን መሰኪያ ለመቀበል ከተስማሙ በኋላ ነው። አውሮፓ በሕግ ጨረሰችው፤ የኅብረቱ እ.ኤ.አ. የ2014 መመሪያ ፈጣን ጣቢያዎች ሲሲኤስ 2 የሚባለውን መሰኪያ እንዲይዙ አስገደደ። ቻይና ጂቢቲ የተባለ ብሔራዊ ደረጃ አውጥታ ቴስላን ሳይቀር በዚያ አስገብታዋለች።

አዲስ አበባ ላይ የወሰነው ገበያው ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ሲያደርግ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ቀድሞውኑ ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ ነበር። ጉምሩኩም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ ነበር። በዚህ በር የገባው መኪና አብዛኛው ቻይና ተሠርቶ ለቻይና ገበያ የታሰበ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይፈራረም፣ ማንም ሳይደራደር፣ ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች የሚሽከረከሩት ቢዋይዲዎችና ቮልስዋገኖች በብዛት አንድ ዓይነት መሰኪያ አላቸው። ሌላው ዓለም ዓመታት የተከራከረበትን ኢትዮጵያ ግማሹን በአጋጣሚ አግኝታዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቀረው ግማሽ ግን በአጋጣሚ አይመጣም።

የብራንድ ስም እዚህ ላይ ከመርዳት ይልቅ ያሳስታል። ቻይና የተሠራው የቮልስዋገን አይዲ ፎር የጂቢቲ ሶኬት ሲኖረው፣ አውሮፓ የተሸጠው ያው አይዲ ፎር ሲሲኤስ 2 ነው። የቶዮታው ቢዚ ፎር ኤክስ ከቻይና ከመጣ ጂቢቲ፣ ከአውሮፓ ከመጣ ሲሲኤስ 2፣ ከጃፓን ከመጣ ደግሞ ቻዴሞ የሚባለው ሌላ መሰኪያ ይሆናል። አሮጌዎቹ ኒሳን ሊፎች ቻዴሞ ናቸው። ስለዚህ ጣቢያ ላይ የሚሠራ ልምድ ያለው ሰው «መኪናዎ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ክዳኑን ይክፈቱልኝ» ነው የሚለው። ክዳኑ ሲከፈት ሁለት የተለያዩ ክብ ሶኬቶች ጎን ለጎን ከታዩ መኪናው ብዙውን ጊዜ የቻይና ነው፤ ትንሹ ለዝግታ፣ ትልቁ ለፈጣኑ። አንድ ሶኬት ብቻ ሆኖ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ቀዳዳዎች ካሉት ሲሲኤስ 2 ነው።

በዝግታና በፈጣኑ መካከል ያለው ልዩነት ከፍጥነት ያለፈ ነው። በዝግታው መንገድ ከመስመሩ የሚመጣው የኤሲ ኃይል መኪናው ውስጥ በተገጠመ መሣሪያ ወደ ዲሲ ይቀየራል፤ ይህ መሣሪያ በብዙዎቹ መኪኖች ከ7 ኪሎ ዋት አይበልጥም። 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው ቢዋይዲ ሲጋል በዚህ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ 10 አምፔር ከሚሰጥ ተራ የግድግዳ ሶኬት ከሆነ ደግሞ ከ17 ሰዓት በላይ። ፈጣኑ ቻርጀር ቅየራውን ራሱ ውጭ ጨርሶ ዲሲውን በቀጥታ ወደ ባትሪው ይልካል። በዝግታው በኩል መሰኪያን ማዛመድ ቀላል ነው፤ የቻይናውና የአውሮፓው የሚጠቀሙበት ምልክት አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ወንዱና ሴቴው ከመገለባበጡ በቀር፣ በውስጡ ሽቦ ብቻ ያለው አዳፕተር ሥራውን ይሠራል።

በፈጣኑ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጂቢቲው ፈጣን መሰኪያ ዘጠኝ ጫፎች አሉት። ሁለቱ ዋናውን ኃይል ይሸከማሉ፣ አንዱ ኧርዝ ነው፣ ሁለቱ ካን በሚባል የመረጃ መስመር መልእክት ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ መሰኪያው በትክክል መግባቱን ያረጋግጣሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የመኪናውን የባትሪ መቆጣጠሪያ የሚቀሰቅስ 12 ቮልት ይልካሉ። እጀታው ገብቶ ሲቆለፍ ቻርጀሩ በመጀመሪያ መስመሩ ወደ መኪናው አካል የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን ይፈትሻል። ከዚያ መኪናው ስንት ቮልት፣ ስንት አምፔር እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ቻርጀሩ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ይመልሳል። ሁለቱ ሲስማሙ መኪናው ውስጥ ያለው ትልቁ ማብሪያ «ጠቅ» ይላል፤ እስክሪኑ ላይ ያለው አምፔርም መውጣት ይጀምራል። ሲሲኤስ 2 ይህንኑ ውይይት የሚያካሂደው በካን አይደለም፤ በምልክት ሽቦው ላይ በሚጫን ሌላ የመረጃ ሞገድ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባ የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር በውስጡ አስተርጓሚ ኮምፒውተር ሊኖረው ግድ ነው።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ የሚሸጥ ይህን መሰል አዳፕተር ሲገዛ መታየት ያለበት ሊሸከም የሚችለው አምፔርና ሶፍትዌሩ የሚታደስ መሆን አለመሆኑ ነው። ቻርጀሩ ሶፍትዌሩን ባሳደሰ ማግስት ትናንት የሠራ አዳፕተር ውይይቱን ከመሃል ሊያቋርጥ ይችላል። 400 ቮልት አካባቢ በሆነ ዲሲ ላይ የላላ ጫፍ ይግላል፤ ይቀልጣልም። አዳፕተር የግል መፍትሔ እንጂ የጣቢያ መፍትሔ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የጣቢያው መፍትሔ ሁለት ገመድ ባለው ቻርጀር ላይ አንዱን ጂቢቲ፣ ሌላውን ሲሲኤስ 2 አድርጎ ማዘዝ ነው። ይህ ቻርጀሩ ሲታዘዝ የሚወሰን ነው፤ በኋላ ገመድ መቀየር ብቻውን አይበቃም፣ የመቆጣጠሪያው ካርድም አብሮ መለወጥ አለበት። አስመጪው ዋጋ ለመቀነስ ሁለቱንም ገመድ ጂቢቲ ሲያደርግ ዛሬ ትክክል ይመስላል፤ ዛሬ የሚሰለፈው አብዛኛው መኪና ያ ነውና። ከአውሮፓ የመጣ መኪና፣ የኤምባሲና የዕርዳታ ድርጅት መኪና፣ ዲያስፖራው ይዞት የሚገባው ግን ከዚያ ጣቢያ ውጭ ይሆናል።

ክፍያው ሌላው አጥር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ላይ የከፈተው ጣቢያ በቴሌብር ያስከፍላል፤ ቴሌብር በብዙ ሰው ስልክ ስላለ ይህ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱን መተግበሪያ ጫንልኝ፣ ቀድመህ ብር አስገባልኝ ሲል ነው። የራይድ ሹፌር አራት መተግበሪያ ላይ የተበታተነ ቀሪ ሂሳብ ይዞ ይዞራል። አገሪቱ ይህን ችግር በሌላ ዘርፍ ፈትታዋለች፤ ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም መሥራት ቻለ። ለቻርጀርም ተመሳሳይ መሠረት አለ። ኦሲፒፒ የሚባለው ክፍት ፕሮቶኮል የየትኛውም ፋብሪካ ቻርጀር ከየትኛውም ማዕከላዊ ሶፍትዌር ጋር እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኦሲፒአይ የሚባለው ደግሞ የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ በሌላው ጣቢያ ተገልግሎ ሂሳቡ በኩባንያዎቹ መካከል እንዲወራረድ ያስችላል። አውሮፓ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሕዝብ የሚተከል አዲስ ቻርጀር ሳይመዘገቡ መክፈል እንዲያስችል፣ 50 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የባንክ ካርድ እንዲቀበል ታስገድዳለች። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ይህን ጉዳይ ከመሰኪያው ባልተናነሰ ሊያዩት የሚገባ ነው።

መሰኪያውም ክፍያውም ቢገጥም ኃይሉ ከትራንስፎርመሩ አይበልጥም። 120 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት ቻርጀሮች በአንድ ጊዜ ሙሉ አቅማቸውን ከጠየቁ የ315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አብዛኛውን አቅም ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ጣቢያ የሚከፍት ሰው ከ15 ኪሎ ቮልት መስመር የራሱን ትራንስፎርመር ማስተከሉ አይቀርም። ሁለት ገመድ ያለው ቻርጀር ሁለት መኪና ሲሰካበት ኃይሉን ይካፈላል። እዚህ ላይ የመኪናዎቹ መለያየት ወረፋውን ያዛባል። ሲጋል ከ30 እስከ 40 ኪሎ ዋት በላይ አይቀበልም፤ አይዲ ፎር 100 አካባቢ ይቀበላል። አካፋዩ ብልህ ካልሆነ ለሲጋሉ 60 መድቦ 20ውን ያባክናል፤ ብልህ ከሆነ የተረፈውን ወደ ጎረቤቱ ያዞራል። ቻርጀር ሲገዛ ይህን መጠየቅ ከኪሎ ዋቱ ቁጥር ይበልጣል።

ሌላው የወረፋ ጠላት ከ80 በመቶ በላይ የሚሞላ ሹፌር ነው። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ራሱ አምፔሩን ይቀንሳል፤ ከ80 እስከ 100 ያለው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 80 ካለው እኩል ይፈጃል። በጋራ ጣቢያ ላይ ሙሌቱ ካለቀ በኋላ በደቂቃ ማስከፈል ከማሳሰቢያ ጽሑፍ የተሻለ ይሠራል።

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ፈጣን ጣቢያን የግድ የሚያደርገው የአኗኗሩ ሁኔታ ነው። ቤተል ወይም ወይራ ሰፈር የራሱ ግቢ ያለው ሰው ማታ ከቤቱ ቆጣሪ ሞልቶ ያድራል፤ ፈጣን ቻርጀር የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ግን መኪናው ከሥር የጋራ ግቢ ውስጥ ያድራል። ከመስኮት የሚንጠለጠል ማራዘሚያ ገመድ በየቦታው ይታያል፤ ዝናብ ሲመጣ የሚያስከትለውን ማንም ኤሌክትሪሺያን ያውቀዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ በተለይ መኪናው እንጀራው ለሆነ ሹፌር፣ በአቅራቢያው ያለው ጣቢያ የእሱን መሰኪያ የማይቀበል ከሆነ ከተማ አቋርጦ መሄድና ተሰልፎ መዋል ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሁለቱ መሰኪያዎች መካከል ያለ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ይሆናል። የጂቢቲ መቆለፊያ እጀታው ውስጥ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ሳይፈታ ከቀረ እጀታው ላይ ባለው የአደጋ ጊዜ መክፈቻ በእጅ ይለቀቃል፤ ይህን ማድረግ ያለበት የጣቢያው ሠራተኛ ነው። የሲሲኤስ 2 መቆለፊያ መኪናው ውስጥ ስለሆነ የሚፈታው ባለመኪናው በመኪናው ቁልፍ ነው። ይህን ያልተማረ ሠራተኛ ሁለቱንም በጉልበት ይጎትታል፤ መንጠቆውም ይሰበራል። ሁለት ዓይነት ገመድ የተከለ ጣቢያ ሠራተኞቹን ሁለቱንም አከፋፈት ማስተማር አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ነው።

ክፍለ ከተማው የምዕራብ በርም ነው፤ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ የሚያልፈው መንገድ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ ይደርሳል። ሁለት ዓይነት መሰኪያ ከከተማው ይልቅ የሚያስፈልገው እዚህ መስመር ላይ ነው። ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ ባትሪው ጥቂት ይመልሳል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ግን የተመለሰውን መልሶ ይበላዋል። ሰበታ ላይ መሰኪያው ያልገጠመለት ሹፌር ወደ አየር ጤና ይመለሳል። ወልቂጤ ላይ ያልገጠመለት ሆቴል ግቢ ገብቶ ከግድግዳ ሶኬት ሲሞላ ያድራል፤ በአሥር ሰዓት የሚያገኘው 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ትልልቆቹ መኪኖች በዚህ ከ130 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቁም፤ ጅማ ለመግባት ደግሞ ወደ 200 የሚጠጋ ይቀራል።