የክበብ ሰዓት የት ገባ?

በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የክበባት ዝርዝር ተለጥፎ ይታያል። ሚኒ ሚዲያ፣ የሴቶች ክበብ፣ ቀይ መስቀል፣ ፀረ ኤድስ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ዜጋ፣ ሒሳብ እያለ ይወርዳል፤ ከእያንዳንዱ ትይዩ የተጠሪው መምህር ስም ሰፍሯል። መስከረም ላይ ዕቅድ ይጻፋል፣ ሰኔ ላይ ሪፖርት ይገባል። በመካከሉ ተማሪዎቹ ስንት ጊዜ ተገናኙ፣ ምንስ ሠሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

መጠየቅ ነበረበት። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስብሰባ መምራትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ የጋራ ገንዘብ መጠበቅንና ከማይስማማው ሰው ጋር ተነጋግሮ መወሰንን ከመማሪያ መጽሐፍ አያገኝም። ሚኒ ሚዲያን እንውሰድ። ዕቃው አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ማጉያና ግቢው ውስጥ የተሰቀሉ ሁለት ሦስት ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። ተማሪው ጽሑፉን አዘጋጅቶ ለተጠሪው መምህር ያሳያል፣ ይታረማል፣ በዕረፍት ሰዓት ያቀርባል። ዜናው፣ ግጥሙ፣ ጥያቄና መልሱ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያው ሁሉ የሚሄደው በዚያች ጠባብ ክፍል በኩል ነው። ዛሬ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ድምፃቸውን የለመድነው ብዙ ጋዜጠኞች ማይክሮፎን መጀመሪያ የጨበጡት እዚያ ነው። ማጉያው ሲቃጠል ግን ማሠሪያ በጀት ይታጣና ክበቡ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋል።

ከሁሉም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የሴቶች ክበብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጓል። ሕጉ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚደርሰው ግን በሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው የክፍል ጓደኛ ነች። ለሠርግ ጠላ ሲጠነሰስ፣ ልጅቷ ከክፍል መቅረት ስትጀምር፣ ከፖሊስም ከፍርድ ቤትም ቀድማ የምታውቀው አብራት የምትቀመጠው ናት። ክበብ ካለ ወሬው መንገድ ያገኛል። ጓደኛዋ ለክበቡ ሰብሳቢ ትነግራለች፣ ሰብሳቢዋ ለተጠሪዋ መምህርት፣ መምህርቷ ለርዕሰ መምህሩ፣ እሱ ደግሞ ለቀበሌና ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ያሳውቃል። ሽማግሌ ይላካል፣ ካልሆነም በሕግ ይጠየቃል። እንዲህ ተቋርጠው የቀሩ ሠርጎች አሉ። ክበብ በሌለበት ትምህርት ቤት ግን ያው ወሬ የተማሪዎች ሹክሹክታ ሆኖ ይቀርና ልጅቷ በሚቀጥለው ሰኞ አትመጣም። ለወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ማዘጋጀት፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል መለየት፣ ታናናሾቹን ማስጠናት፣ ይህም ሁሉ በዚሁ ክበብ በኩል ይሠራል።

ታዲያ ሰዓቱ የት ገባ? በብዙ ቦታ ትምህርት በፈረቃ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ይቆማል፤ ባዶ ክፍልም ባዶ ሰዓትም የለም። ቅዳሜ ይሁን እንዳይባል፣ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ዓርብ ከሰዓት በእግራቸው ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ የሳምንቱን ስንቅ ይዘው የሚመለሱት እሑድ ማታ ነው። ከተማ ያለችው ተማሪም ብትሆን ከክፍል ስትወጣ ውኃ መቅዳት፣ ወጥ መሥራት፣ ታናሽ መጠበቅ ይጠብቃታል። ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚደረግ ክበብ ቤቱ ሠራተኛ ያለው፣ መንገዱ ቅርብ የሆነ ልጅ ክበብ ይሆናል። ተጠሪ መምህሩም ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ካልተቀነሰለት ክበቡን የሚመራው ከገዛ ዕረፍቱ ቆርሶ ነው። ደግነቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ የትምህርት ሥርዓት ግን በአንድ ሰው ደግነት ላይ መቆም የለበትም።

የፈተናው ጉዳይ ሲጨመር ነገሩ ጠበበ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር መደንገጡ ተገቢ ነበር። በየትምህርት ቤቱ የቀረችው ትርፍ ሰዓት ሁሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት ዋለች። ወላጅም «ክበብ ነጥብ ያመጣልሃል ወይ?» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የፈተናው ውጤት ስለሆነም የልጁ አፍ ይያዛል። እኔ ግን ከ100 ተማሪ 97ቱ ግማሽ ነጥብ ባላገኙበት አገር ትምህርት ቤት ለእነዚያ 97ቱ ሌላ ምን ይዘው እንዲወጡ አደረገ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበኛል።

መንግሥታት የተማሪን ጉልበት ሲሹ ሰዓት ጠፍቶባቸው አያውቅም። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር፣ በድምሩ ወደ 60,000 የሚጠጉ፣ ወደ ገጠር ተልከዋል፤ የገበሬ ማኅበር አደራጅተዋል፣ ፊደል አስቆጥረዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በተማሪ ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። ዛሬም ክረምት ሲገባ በጎ ፈቃድ ተብሎ ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳ፣ የአረጋውያን ቤት እድሳት ይጠራል፤ ወጣቱም ይወጣል። በትእዛዝ የመጣ ዘመቻ ግን በትእዛዝ ያበቃል። ተማሪው የሰፈሩን ችግር ራሱ ለይቶ፣ ራሱ አቅዶ፣ ሲሳሳትም ራሱ እንዲያርም የሚያስችለው በየሳምንቱ የሚገናኝበት ክበብ ነው።

የአገልግሎት ሰዓት አስገድዶ ማስቆጠርም ሌላ መንገድ ነው። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ 75 የአገልግሎት ሰዓት ወይም ትምህርት ቤቱ ያቀደውን ተመጣጣኝ መርሐ ግብር ማሟላት አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያሉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ይህን ያውቁታል። የደንቡ መልካምነት አገልግሎትን የትምህርት አካል ማድረጉ ነው፤ ችግሩ ደግሞ ሰዓት ሲቆጠር ልጁ ሥራውን ትቶ ፊርማ ማሳደድ መጀመሩ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ብናመጣ የሐሰት ፊርማና ማኅተም እንዳይበዛ እፈራለሁ። የሚያስፈልገን ሰዓቱን ከልጁ መጠየቅ ሳይሆን ለልጁ መስጠት ነው።

በተግባር የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ረቡዕ፣ በሁለቱም ፈረቃ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ እንደ ሒሳብና እንደ እንግሊዝኛ በመርሐ ግብሩ ላይ ይግባ። ዓርብ እንዳይሆን፤ ስንቅ ለማምጣት የሚሄዱት ይቀሩበታል። የተጠሪው መምህር የክበብ ሥራ ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ይታሰብለት። ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ለማጉያ ጥገና፣ ለጨርቅና ለወረቀት የምትውል አነስተኛ ገንዘብ ትለይ፣ ወጪዋንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይወስኑ። ኢንስፔክሽን ሲመጣም የክበቡን ዕቅድ ካየ በኋላ ሰብሳቢዋን ጠርቶ ባለፈው ረቡዕ ምን እንደሠሩ ይጠይቃት።