ድምፅ የሌለው በረዶ

አያቴ አባባ የኮሪያን ነገር ሲያነሡ የሚጀምሩት ከበረዶው ነበር። እማማ አንድም ቀን አላመኗቸውም። ለእሳቸው በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ፣ የባቄላ አበባ የሚያረግፍ ነው። አባባ «ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ሳንሰማው፣ ጠዋት ጉልበታችን ደርሶ አገኘነው» ሲሉ፣ እማማ «እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው!» ይሏቸው ነበር።

አባባ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. አገራቸው ተወርሮ ጄኔቫ ላይ አቤት ብለው ሰሚ ያጡት ልጃቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ሌላ አገር ተወርሮ «ድረሱልን» ሲባል ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ሄዱ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን የለም። አባባ ይህችን ሲናገሩ ወገባቸው ቀና ይላል፦ «ሬሳም ቢሆን ትተን አልወረድንም።» ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወታደሮቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጋቸውን ግን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ለደቡቡ መዋጋት የሚነገር ነገር መሆኑ ቀረ። አባባ ሜዳልያቸውን በእራፊ ጠቅልለው የጤፍ በርሜል ውስጥ ቀበሩት። እማማ ለማስፈጨት ጤፍ በቀዱ ቁጥር ከላይ ብቅ ይላል፤ መልሰው ወደ ታች ይከቱታል። በረዶውን ያላመኑት ሴትዮ ሜዳልያውን ያን ሁሉ ዓመት ጠበቁት።

ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ከተማ ውስጥ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የተመረቀ የዘማቾቹ ሐውልት አለ፤ አጠገቡ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት። እኛም አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር መታሰቢያ አለን። በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን፤ ስንቶቻችን ገብተን እንዳየነው እንጃ። እኔ ራሴ የገባሁት አባባ ሲያርፉ ነው።

ዘማች ጎረቤት ያላችሁ፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ብቻ «ስንት ገደሉ?» አትበሉ። እኔ በአሥር ዓመቴ ብዬ፣ አባባ ምንም ሳይመልሱ ተነሥተው ወጡ። ሌላ ቀን «ምን ትበሉ ነበር?» ስላቸው ግን እስኪመሽ አወሩኝ፤ የአሜሪካኖቹ የጣሳ ምግብ ጣፋጭ ጣፋጭ እያለ አስመርሯቸው፣ ከቤቱ በርበሬ ቋጥሮ የመጣ ወታደር እንደ ጌታ ይከበር እንደነበረ።

በመጨረሻው ክረምታቸው፣ እማማ ካረፉ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። አባባ ራሳቸውን ከጋቢው አወጡና «ሰማሽ? እሷ የምታውቀው ይኼንን ነበር» አሉኝ።