ደራሽ ውሃና የየቲሞች ስም



በይፋት ቆላ ጎርፍ የሚመጣው ከተራራ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጣርማ በር ደጋ የጣለ ዝናብ ቁልቁል ተንደርድሮ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የከተማይቱ ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ወደ አዋሽ የሚፈስሱት ሮቢና ጀውሃ በበጋ ሕፃን የሚሻገራቸው ወንዞች ናቸው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ማሳም ቤትም ይዘው ይሄዳሉ። ሕዝቡ ይህንን «ደራሽ ውሃ» ይለዋል።

ይህ ዓይነቱ ውሃ ምን ያህል እንደሚያጠፋ ድሬዳዋ አይታለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ከሐረርጌ ደጋ በወረደ ጎርፍ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝም በደቡብ ኦሞ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። በጊዜው እርዳታውን ያስተባብር የነበረው የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኤጀንሲ ከረድኤት ድርጅቶች ጋር ሆኖ የጋራ ጥሪ አቀረበ። ዛሬ ይህንን ኃላፊነት የያዘው የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው።

የማስተባበሩ ሥራ የሚጀመረው ግን ቀበሌ ውስጥ ነው። የቀበሌው ኮሚቴ ጉዳት የደረሰባቸውን ቤተሰቦች በአባወራና በእማወራ ስም ይመዘግባል። ወረዳው ያጣራል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ያስተላልፋል። መንግሥትም ሆነ ረድኤት ድርጅቶች የሚያድሉት በዚህ መዝገብ መሠረት ነው። የተለመደው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ስለሆነ፣ ከመዝገቡ የቀረ አንድ ስም በየወሩ 15 ኪሎ እህል ያስቀራል።

እኛን እጅግ የሚያሳስበን የቲሙ በዚህ መዝገብ ላይ ያለው ስፍራ ነው። ወላጆቹን ውሃ የወሰደበትን ልጅ በዚያው ሌሊት አክስቱ ወይም ጎረቤት ይዞት ይሄዳል። ምስጉን ሥራ ነው። ሆኖም አባወራው ሞቷልና የልጁ ቤት ከመዝገብ ይወጣል፤ የአክስቱን ቤት ደግሞ ጎርፉ ስላልነካው መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። ልጁ በሁለቱም ቀበሌ የለም። የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል፤ አጎትም፣ አክስትም፣ ማኅበርም ያንኑ ልጅ ያስመዘግባሉ፤ ድግግሞሹ ሲገለጥም ጥርጣሬው በእውነተኞቹ የቲሞች ሁሉ ላይ ያርፋል።

ማኅበራት ለየብቻ ጭነው ለየብቻ ሲያድሉ ከአስፋልቱ ዳር ያለው መንደር ሦስት ጊዜ ሊቀበል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። (ብርድ ልብስ ለምትልኩ ወገኖቻችን፦ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ወባም አለበት። አጎበር፣ ጀሪካንና ድስት ይቀድማሉ።) ስለዚህ የየቲሞችን ዝርዝር ይዞ በወረዳው ኮሚቴ ፊት ከሌሎች ድርጅቶች ዝርዝር ጋር ማስተያየት ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ሥራ ነው እንላለን፤ አንዳንድ ለጋሾች መዘግየት ቢመስላቸውም።

ማስረጃም አለ። በድሬዳዋ ጎርፍ ጊዜ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ አልተጀመረም ነበር፤ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። አሁን የልጁ ልደት ተመዝግቦ ከነበረ ወረቀቱን ጎርፍ ቢወስደውም መዝገቡ ይገኛል። የአባቱ የመሬት ይዞታ ደብተር ቢጠፋም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገብ ይኖራል። የማሾና የሽንኩርት ማሳው የየቲሙ አማና ነው፤ ልጁን ያስጠጋ ሰው ሁሉ የመሬቱ ባለቤት አይሆንም። ሞግዚትነቱ በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት፤ ይህም የእህል እደላው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ምስክሮች ከመበተናቸው በፊት ቢደረግ ይሻላል።

የቲም ያስጠጋችሁ ቤተሰቦች ልጁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ቀበሌ ከመሄዳችሁ በፊት ስሙን እስከ አያቱ፣ የተወለደበትን ቀበሌና የእናንተን አድራሻ ለሁለቱም ቀበሌዎች አስመዝግቡ። ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በተለያየ ቤት ማደር ግድ ከሆነባቸው የአንዱ ስም በሌላው ቅጽ ላይ ይጻፍ።