የዓሣ አጥማጆች መሪ ዋና ገንዘቡ ጤንነቱ ነው

ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ የመኪናውን፣ የሚዛኑንና የመደርደሪያውን እርጅና አስቦ ከትርፉ ላይ ይቀንሳል። ይህንንም የሚያደርገው ዕቃ በአገልግሎት ብዛት እያለቀ እንደሚሄድና አንድ ቀን በሌላ መተካት እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። ዋና ገንዘባቸው የገዛ አካላቸው የሆነ ሠራተኞች ግን አካላቸው ሲያረጅ ከገበያ ገዝተው ሊተኩት አይችሉም። ከእነዚህም መካከል አንዱ፣ በሐይቅ ላይ እንግዶችን በጀልባ እየመራ ዓሣ የሚያስጠምደው ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ ሥር የአባያና የጫሞ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍተኛ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። የጫሞ ሐይቅ በአዞዎቹና በጉማሬዎቹ ብዛት እንደዚሁም ናይል ፐርች በሚባለው ታላቅ ዓሣ የታወቀ ነው። ይህ ዓሣ ዕድሜ አግኝቶ ሲያድግ እስከ 2 ሜትር ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ግራም ክብደት ሊደርስ የሚችል ስለሆነ፣ በመንጠቆ ማጥመድን የሚወዱ እንግዶች ከሩቅ አገር ድረስ ይፈልጉታል። እንግዳው ዘንጉንና መንጠቆውን ይዞ ይመጣል። ዓሣው የሚውልበትን ጥልቀት፣ ጉማሬ የሚተኛበትን ዳርቻና ማዕበል ከመነሣቱ በፊት የሚታየውን የነፋስ ምልክት የሚያውቀው ግን መሪው ነው።

ይህ ዕውቀት በአንድና በሁለት ዓመት የሚገኝ አይደለም። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዕውቀቱ በሚበስልበት ዕድሜ አካሉ ይደክማል፤ ዓይኑ የፈዘዘ ወይም ወገቡ የተያዘ መሪ ከጀልባው ሲወርድ፣ ያከማቸው ዕውቀት ሁሉ አብሮት ይወርዳል። ጉዳቱም በእርሱና በቤተ ሰቡ ላይ ብቻ አይቀርም። እንግዳውን የሚያሳድረው ሆቴል፣ ነዳጅ የሚሸጠው ማደያና ስንቅ የሚያቀርበው ባለ ሱቅ ሁሉ ከመሪው ሥራ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ መሪውን ከሥራው የሚያወጡት ነገሮች ምን እንደሆኑና በምን ያህል ቀላል ጥንቃቄ ሊገቱ እንደሚችሉ ማወቅ ይገባል። በጣና፣ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ላይ የሚሠሩት ጀልባ ነጂዎችም ድካማቸው ከዚህ ብዙ አይለይም።

ፀሐይና ዓይን

የፀሐይ ብርሃን ከሙቀቱ ሌላ በዓይን የማይታይ፣ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር አለው። የዚህ ጨረር ኃይል ቦታው በ1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ጫሞ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ፣ ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ሁለቱም ከምድር ወገብ ብዙ አይርቁም። በዚህ ላይ ውሃው ራሱ ከሚያርፍበት ጨረር ከፊሉን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልስ ባርኔጣ ብቻውን ሙሉ መከላከያ አይሆንም።

ጥቁር ቆዳ በፀሐይ ቶሎ አይቃጠልም። ዓይን ግን ይህ ጥቅም የለውም። ለብዙ ዓመታት በውሃ ላይ የሚውል ሰው፣ ከዓይኑ ነጭ ክፍል ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ብሌኑ የሚያድግ ሥጋ ሊያወጣ ይችላል። የዓይን ሞራ ግርዶሽም ከሌሎች ሰዎች ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። ሞራው በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ቢሆንም፣ ሕክምናው እስኪገኝ ድረስ መሪው ሥራ ፈት ሆኖ መቀመጡ ነው።

መከላከያው ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣና ጨረሩን የሚያግድ መነጽር ነው። እዚህ ላይ ገዢም ሻጭም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የመነጽር ጥቁረት ጨረርን ለማገዱ ምስክር አይሆንም። እንዲያውም ጨረሩን ሳያግድ ጨለማ ብቻ የሚሰጥ መነጽር ብሌንን ስለሚያሰፋ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል። ጥሩው መነጽር እስከ 400 ናኖ ሜትር ያለውን ጨረር የሚያግድ መሆኑ በምልክት የተጻፈበት ነው። ፀሐይ እጅግ የምትበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በመሆኑም፣ ሥራውን በማለዳ ጀምሮ በቀትር የሚያርፍ መሪ ዓይኑንም ጉልበቱንም ያተርፋል። ደመና ሰማዩን ሸፈነ ተብሎ መነጽርን ማውለቅ ግን ስሕተት ነው፤ አብዛኛው ጨረር ደመናን ያልፋልና።

ወገብና ሸክም

ጀልባ ነጂ ቀኑን ሙሉ በአንድ እጁ የሞተሩን መሪ ይዞ፣ ወገቡን ጠምዝዞ፣ ፊቱን ወደ እንግዳው መልሶ ይቀመጣል። ጀልባው ማዕበሉን በመታ ቁጥር የሚደርሰው ድንጋጤ ሁሉ የሚያርፈው በተጠመዘዘው አከርካሪው ላይ ነው። ማታ ደግሞ ሞተሩን ከጀልባው ፈትቶ ወደ ማስቀመጫ ይሸከማል። የ25 ፈረስ ጉልበት ሞተር 50 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በአሜሪካ አገር ስለ ሠራተኞች ጤንነት የሚያጠናው መንግሥታዊ ተቋም በ1991 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሻሻለው መመሪያ፣ ሁኔታው ሁሉ የተመቻቸ ቢሆን እንኳ አንድ ሰው እንዲያነሣው የሚመከረው ክብደት ከ23 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ መሪው በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ቆሞ ለብቻው የሚያነሣው ከዚህ ልክ እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር ኩንታል ጆንያ በአንድ ተሸካሚ ለሚያስጭን ነጋዴም የሚያሳስብ መሆን አለበት።

ጥንቃቄው ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሞተር በሁለት ሰው ይነሣ። የሚያነሣውም ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ሸክሙን ወደ ሆዱ አስጠግቶ ይነሣ፤ በሸክም ላይ ሳለ መዞር ቢያስፈልገው ወገቡን ሳይሆን እግሩን ያዙር። ከባድ ዓሣ ሲያዝም በአንድ እጅ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ መጎተት አይገባም። በተቀመጠበት ጊዜ የሞተሩን መሪ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጁ እየለዋወጠ መያዝና፣ ዳርቻ በደረሰ ቁጥር ወርዶ ጥቂት መራመድ የወገብን ሕመም በብዙ ይቀንሳል።

ከወገብ ቀጥሎ የሚጎዳው ጆሮ ነው። የሞተር ጩኸት የሚያደነቁረው በአንድ ቀን አይደለም፤ ሰው ሳያውቀው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ የሚያስፈልግ ከሆነ ጩኸቱ ጆሮን የሚጎዳ ነው። በርካሽ የሚገዛ የጆሮ መድፈኛና ፍጥነትን መቀነስ ይህን ይከላከላሉ።

የውሃው ጠላት

ሰዎች ሐይቁን ሲያዩ የሚፈሩት አዞውን ነው። መፍራታቸውም ትክክል ነው፤ ጀልባን ለመግፋት ሲባል በጫሞ ውሃ ውስጥ ገብቶ መቆም ምን ጊዜም የተገባ አይደለም። ነገር ግን ከአዞ ይልቅ ብዙ ሠራተኞችን የሚያደክመው በዓይን የማይታየው የቢልሐርዝያ ትል ነው። ይህ ትል በውሃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና፣ በውሃው የቆመን ሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ይገባል። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ዳርቻዎች የሚገኘው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ ትሉ በሰው ገላ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሰውየውም ሕመሙን እንደ ተራ ድካምና የሆድ ቁርጠት ይቆጥረዋል እንጂ ከሐይቁ ያገኘው መሆኑን አይጠረጥርም።

በዚህ በሽታ ላይ በተደረገው ትግል የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች ስም በክብር የሚጠራ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአድዋ ከተማ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው እንደሚገኙ ተመለከቱ። በዚህም የተነሣ እንዶድ የቢልሐርዝያን ተሸካሚ የሚገድል መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም የሚገድል ስለሆነ፣ ዓሣ አጥማጅ በራሱ ፈቃድ ወደ ሐይቁ ሊጨምረው የሚገባ አይደለም።

መሪው ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው። ወደ ውሃ መግባት ግድ በሚሆንበት ጊዜ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ ያድርግ፤ እንግዶችን ሲያሳፍርና ሲያወርድ በመሸጋገሪያ ሳንቃ ይጠቀም። ለመታጠቢያ የተቀዳ የሐይቅ ውሃ ቀንድ አውጣ ሳይኖርበት ለ2 ቀን ተከድኖ ከቆየ ትሉ ይሞታል። ለመጠጥ ግን መፍላት አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ ሰገራን አስመርምሮ ትሉ ቢገኝ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ይበቃል፤ በአብዛኛው በአንድ ቀን የሚያልቅ ሕክምና ነው።

ወባም በአርባ ምንጭ ቆላ የታወቀ ጠላት ነው። መሪው የሚነሣው ከንጋት በፊት፣ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ በምሽት ስለሆነ፣ ትንኟ የምትናደፍበትና እርሱ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት አንድ ነው። ስለዚህ እጀ ረጅም ልብስና መድኃኒት የተነከረ አጎበር ያስፈልጉታል። ትኩሳት ቢጀምረውም ያልፋል ብሎ ወደ ሐይቁ ከመውረድ ይልቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ማስመርመር ይገባዋል።

በመጨረሻም ለብዙ ዓመታት የተጠበቀ ጤንነት በአንድ የማዕበል ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። በሐይቅ ዳር ያደጉ ብዙ ሰዎች ዋናተኝነታቸውን ታምነው የመንሳፈፊያ ጃኬት መልበስን እንደ ፍርሃት ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ ጀልባ ሲገለበጥ ራሱን የተመታ ሰው ዋናው ምንም አይረዳውም። እንግዳውም መሪውን አይቶ ይከተላልና፣ መሪው ሳይለብስ እንግዳው ይለብሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የነጋዴው ድርሻ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት መከላከያዎች፣ መነጽሩም ሆነ ጃኬቱ፣ ቦት ጫማውም ሆነ አጎበሩ፣ በነጋዴ እጅ የሚያልፉ ሸቀጦች ናቸው። አስመጪው የሚያዘውን ዕቃ ምልክት አንብቦ ቢመርጥ የሰውን ሕይወት እንደመረጠ ይቆጠራል። ለምሳሌ የመንሳፈፊያ ጃኬት በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ መሠረት የሚለየው በማንሳፈፍ ኃይሉ ነው። 50 ኒውተን የሚለው ጥሩ ዋናተኛ ለሆነና ረዳት በቅርብ ላለው ሰው ብቻ ነው። 100 ኒውተን ለተከለለ ውሃ ሲሆን፣ 150 ኒውተን ግን ለሰፊ ባሕር የተዘጋጀ ነው። ይህን ሳያጣሩ ርካሹን ብቻ መርጦ ማስገባት፣ የሚያንሳፍፍ መስሎ የማያንሳፍፍ ዕቃ መሸጥ ይሆናል።

በከተማው ያለው ባለ ሱቅም ድርሻው አነስተኛ አይደለም። የጨረር ምልክት ያለበትን መነጽር ከሌለበት ለይቶ ቢያስቀምጥና ልዩነቱን ለገዢው ቢያስረዳ፣ በአንድ በኩል የሚታመን ነጋዴ ይሆናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ገዢው ለብዙ ዓመታት እየሠራ የሚገዛው ደንበኛ ሆኖ ይቆይለታል። ጀልባ የሚያከራዩ ባለ ንብረቶችም ጃኬቱን ከጀልባው፣ መሸጋገሪያ ሳንቃውን ከዳርቻው ሳይለዩ ቢያኖሩ፣ በወር አንድ ቀንም ለሞተሩ እንደሚያስቡት ሁሉ ለነጂው ዕረፍት ቢያስቡለት፣ ወጪው ከጥቅሙ ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

ሞተር በተወሰነ ሰዓት ዘይቱ ካልተለወጠለት እንደሚቃጠል ሁሉም ያውቃል፤ ለዚህም በየወሩ ገንዘብ ይመደባል። ለነጂው የሚያስፈልገው ከዚህ አይበልጥም። እንግዳ በሚቀንስበት የዝናብ ወራት በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን፣ ጆሮውንና ሰገራውን ያስመርምር። በቀረው ጊዜ ባርኔጣውን፣ መነጽሩንና ጃኬቱን ይልበስ፤ ሸክሙንም ከጓደኛው ጋር ይካፈል። ይህን የሚያደርግ መሪ የልጅነት ጉልበቱ ካለፈ በኋላ እንኳ በዕውቀቱ ሲሠራና ለወጣቶች ሲያስተምር ይኖራል። ሐይቁንና ዓሣውን ተስፋ አድርጎ ወደ አገሩ የሚመጣው እንግዳም የሚመራው ሰው አያጣም።