በአንድ ዳርቻ ላይ ጀልባዎችን ስለ ማቆምና በመካከላቸው ሊኖር ስለሚገባው ርቀት

ጀልባን መንዳት የሚችል ሰው ሁሉ ጀልባን ማቆም ያውቃል ማለት አይደለም። አንዱ ጀልባ ከሌላው ጋር የሚጋጨው በጕዞ ላይ ሳለ ብቻ አይደለምና፤ ባለቤቱ በቤቱ ተኝቶ ሳለ ነፋስ ሲዞር፥ ውሃም ሲሞላና ሲጎድል፥ ያለ ነጂ የቆመው ጀልባ የጎረቤቱን ጀልባ ሊሰብር ይችላል። ዓሣ አጥማጅ ጀልባው የተሰበረ እንደ ሆነ የዕለት እንጀራው መቋረጡ ስለ ሆነ፥ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

በጅቡቲ ከተማ ሌስካል በተባለው የጀልባ መቆሚያ አጠገብ ወደ ታጁራ፥ ወደ ኦቦክና ወደ ሙሻ ደሴት የሚመላለሱ ጀልባዎች ይቆማሉ። የዓሣ አጥማጆችም ጀልባዎች የከተማውን ዳርቻ ይጋራሉ። ከባለጀልባዎቹ አንዱ ከባሕሩ ርቆ፥ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በባልባላ፥ ለምሳሌ በሆዳን ሰፈር የሚኖር ቢሆን፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ጀልባው ከዓይኑ ይሰወራል። ሌሊቱን ሙሉ ንብረቱን የሚጠብቁለት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ይኸውም መልሕቁና የጎረቤቱ ጥንቃቄ ነው።

መልሕቅ የተጣለለት ጀልባ በመስክ ላይ ከካስማ እንደ ታሰረች በቅሎ ነው። በቅሎዋ ገመዷ እስከሚደርስበት ድረስ በካስማው ዙሪያ ልትዞር ትችላለች። በአንድ መስክ ሁለት በቅሎዎች የሚያስሩ ሰዎች የገመዳቸውን ርዝመት ሳይመለከቱ ካስማ አይተክሉም። በውሃ ላይ ግን ካስማው ከጥልቁ ውስጥ ስለማይታይ፥ አዲስ የመጣው ሰው ክፍት የሚመስለውን ቦታ ሁሉ ባዶ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የገመዱ ልክ የሚታወቀው በሚከተለው ስሌት ነው። ውሃው በጎደለበት ሰዓት ጥልቀቱ 4 ሜትር ቢሆን፥ ሙላቱ 2 ሜትር ቢጨምርበት፥ የጀልባውም አፍንጫ ከውሃው በላይ 1 ሜትር ከፍ ቢል፥ ድምሩ 7 ሜትር ይሆናል። የባሕር ልማድ ለገመድ ቢያንስ የዚህን 5 እጥፍ፥ ነፋስ በበረታ ጊዜም 7 እጥፍ እንዲለቀቅ ያዝዛል፤ ምክንያቱም መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን፥ ገመዱ ጋደም ብሎ ወደ ጎን ሲስበው ጥርሱ መሬት ስለሚነክስ ነው። ወደ ላይ የተሳበ መልሕቅ ይነቀላል። እንግዲህ 35 ሜትር ገመድ የለቀቀ፥ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ ጀልባ፥ ከመልሕቁ እስከ ኋላው ጫፍ ድረስ 42 ሜትር ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ያህል ስፍራ ለአንዲት ትንሽ ጀልባ የሚበዛባት የሚመስለው ሰው፥ ነፋሱ በዞረበት ሌሊት አስተሳሰቡን ይለውጣል።

በዚህ ነገር የጅቡቲ ባሕርና የጣና ሐይቅ እጅግ ይለያያሉ። በጣና የውሃው ከፍታ ከክረምት ማብቂያ እስከ ክረምት መግቢያ የሚለዋወጠው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮም በባሕር ዳር አጠገብ በጨረጨራ የተሠራው ግድብ መውጫውን ይቈጣጠረዋል። በጅቡቲ ግን ሙላቱ በሚበረታባቸው ቀኖች ውሃው በስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከሁለት ሜትር የበለጠ ይወጣል ወይም ይወርዳል። በጣና ዳር ያደገ ጀልባ ነጂ ወደዚህ መጥቶ ገመዱን በአጭር ቢያስር፥ ማለዳ ጀልባውን ከመልሕቁ ተነቅሎ ያገኘዋል፤ ውሃው በሞላ ጊዜ ወደ ዳር አስጠግቶ ቢያቆመውም በአሸዋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ይጠብቀዋል።

ምናልባት «ነፋሱ ሁሉንም በአንድነት የሚያዞራቸው ከሆነ ስለ ምን ይጋጫሉ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁሉም እኩል ገመድ ቢለቁና ጀልባዎቹም ተመሳሳይ ቢሆኑ በአንድነት ይዞሩ ነበር። ነገር ግን ከባድ ሰንሰለት ያለው ጀልባ ከጥልቀቱ 3 ወይም 4 እጥፍ ብቻ ለቆ በጠባብ ክብ ሲዞር፥ በገመድ የታሰረው ቀላል ጀልባ ደግሞ ከርሱ እጅግ ርቆ ይዞራል። ነፋስ ጸጥ ባለ ጊዜም አንዱን የውሃው ጉዞ ሲስበው ሌላው በቦታው ይቀራል። በተለይም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከምዕራብ በኩል ከምድረ በዳው ሐምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ ሲነሣ፥ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው የነበሩ ጀልባዎች ይገለበጣሉ፤ ትናንት ከኋላ የነበረው ጎረቤት ዛሬ ከፊት ይሆናል። ስለዚህ ርቀት የሚለካው በቆመበት ሰዓት ባለው አኳኋን ሳይሆን፥ ነፋሱ ቢዞር ሊሆን በሚችለው ነው።

በዚህም ላይ በየአገሩ መርከበኞች ዘንድ የጸና ልማድ አለ፤ ቀድሞ የቆመ ባለመብት ነው። ኋላ የመጣው ስፍራው ቢጠበው ራሱ ይነሣል እንጂ የቆመውን አያስነሣም። የመጣውም ሰው ፍጥነቱን አብርዶ ይቀርባል፤ መልሕቁን ከመጣሉ በፊትም ለጎረቤቱ ሰላምታ ሰጥቶ፥ «ስንት ሜትር ገመድ ለቀዋል? መልሕቅዎ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አጭር ጥያቄ ከብዙ ክስ ታድናለች። በሌላው ሰው መልሕቅ ላይ መልሕቅ መጣል፥ ሳያስፈቅዱ ከሌላው ጀልባ ጋር መታሰር፥ የተዘረጋ መረብ አጠገብ መቆም ነውር ነው። ሁለት መልሕቆች የተጠላለፉ እንደ ሆነ ኋላ የጣለው ገመዱን አላልቶ ቀስ ብሎ ይፈታል፤ የሌላውን ገመድ በካራ መቍረጥ ግን በምንም ምክንያት አይገባም።

በጣና ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ሥራውን ሲፈጽም ወደ ደረቅ ስቦ ያወጣዋል፤ መልሕቅም አያስፈልገውም። ባለሞተር ጀልባ ይህን መሳቢያ ስፍራ ክፍት ነው ብሎ ቢይዘው፥ ወይም በፍጥነት መጥቶ ሞገዱን ቢለቅበት፥ ታንከኛው ጭነቱን ያጣል። በዝቅተኛ ታንኳ ላይ ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ሰው ከባለሞተሩ ጋር ለመከራከር አቅም የለውምና፥ መጠንቀቅ ያለበት ባለሞተሩ ነው።

ስለ መብራትም ሕግ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 የተደረገውና በ1977 የጸናው የመርከቦች ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ፥ መልሕቅ ጥሎ የቆመና ከ50 ሜትር የሚያንስ መርከብ በሌሊት በዙሪያው ሁሉ የሚታይ አንድ ነጭ መብራት እንዲያበራ ያዝዛል። ከ7 ሜትር በታች የሆነ ከዚህ ነፃ ቢሆንም፥ መርከቦች በሚተላለፉበት መንገድ ወይም በመቆሚያ ስፍራ አጠገብ ከቆመ ነፃነቱ ይቀርበታል። ደንቡ የሚገዛው ባሕርንና ከባሕር ጋር የተገናኙትን፥ የባሕር መርከብ የሚሄድባቸውን ውሃዎች ነው፤ ስለዚህ ጣናን በቀጥታ አይመለከትም። ፋኖስ መስቀል ግን ደንብ አይጠይቅም።

በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ በኮራል ድንጋይ ላይ መልሕቅ መጣል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ለብዙ ዘመን ያደገውን በአንድ ጊዜ ይሰብረዋልና። አሸዋ መፈለግ ይገባል። በአርታ ዳርቻም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት ጀልባዎች ስለሚሰበሰቡ፥ ዋናተኞች በውሃ ውስጥ ሳሉ ሞተርን አጥፍቶ ራቅ ብሎ መቆም የግድ ነው።

ዳርቻ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት በዚህ ረገድ ብዙ ወጪ ሳያደርጉ ሊረዱ ይችላሉ። ተሳፋሪ የሚወርድበትን መግቢያ በተንሳፋፊ ምልክት ቢከልሉ፥ ለረጅም ጊዜ ለሚቆሙት ጀልባዎችም ቋሚ ማሰሪያ ከውሃው በታች ቢያስቀምጡ፥ በአንድ ስፍራ ብዙ ጀልባ ይቆማል፤ በቋሚ ማሰሪያ ላይ የሚለቀቀው ገመድ አጭር ስለ ሆነ ክቡም ይጠብባልና። ክርክሩን ለመዳኘት ከመቀመጥ ይህ ይቀላል።

የጎረቤቱ ጀልባ መልሕቁ ተነቅሎ ሲንሸራተት ያየ ሰው፥ ባለቤቱ ከውስጡ ቢተኛ ጮኾ ይቀሰቅሰው። ባለቤቱ ከሌለ የራሱን ገመድ ጨምሮ ይለቅና ከመንገዱ ዞር ይበል፤ በሁለቱ መካከልም የመኪና ጎማ አንጠልጥሎ፥ ቢቻለው በረዳት ገመድ ይያዘው። በማለዳም ያደረገውን ለባለቤቱ ይንገረው፤ ባለቤቱም ገመዱ የት ድረስ እንደ ተለቀቀ አብሮ ይመልከት።