ስለ ኃይለኛ መኪናና ስለ ነጂው ትምህርት

የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2024 ዲሴምበር 1 ቀን ጀምሮ፣ የሞተሩ ኃይል ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለአንድ ቶን 276 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ የሆነውን መኪና ለመንዳት የሚሻ ነጂ፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይ «ዩ» የተባለውን ልዩ መደብ እንዲያስመዘግብ፣ ለዚህም በኢንተርኔት የሚሰጠውን ትምህርት እንዲፈጽም ደነገገ።

«ዋጋውን የከፈለ ሰው ስለ ምን ዳግመኛ ተማሪ ይሆናል?» ለሚሉኝ፣ መንዳትን በማስተማር ሙያ እንደ ኖርሁ መጠን መልሴ ይህ ነው፦ ጎማ መሬትን የሚይዝበት ኃይል ውሱን ስለ ሆነ፣ ነጂው በመታጠፊያ ላይ ሳለ ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ የረገጠ እንደ ሆነ፣ ለመታጠፍ ሊውል የሚገባው ለመፍጠን ይውልና ጎማዎቹ ይከዱታል፤ ይህም ስሕተት በደካማ መኪና እምብዛም ሳይገለጽ ያልፋል፣ በኃይለኛው ግን ፍዳው በቅጽበት ይመጣል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ መሆኑንም ልብ ይሏል።

ሕጉ መንሸራተትን የሚገታውን ረዳት መሣሪያ ማጥፋትን መከልከሉ ማለፊያ ነው፤ ያን ቁልፍ ለጀብዱ ሲሉ የሚነኩ ጎልማሶች ብዙ ናቸውና። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚፈጸመው ትምህርት ለእኔ ጎዶሎ ሆኖ ይታየኛል፤ መምህር በአጠገቡ ተቀምጦ፣ በረጠበ ሜዳ ላይ፣ ገዢው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ እየተንሸራተተ እንዲለማመድ ቢታዘዝ በወደድሁ ነበር።